ጀማሪና ነባር ሾፌሮችን አንድ ላይ ይዞ ኦፍሮድ መውጣት፦ ከዝግጅት እስከ መመለሻ

የቡድን ኦፍሮድ (ከተሠራ መንገድ ውጪ የሚደረግ) ጉዞ አስተባብሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ጭቅጭቅ አያጣውም። ነባሮቹ «መንገዱ ቀለለብን» ይላሉ። ጀማሪዎቹ «ከበደብን» ይላሉ። አስተባባሪው ግራ ሲገባው መሃል ላይ ያለ መንገድ ይመርጥና ሁለቱንም ያስቀይማል።

መካከለኛ መንገድ መፍትሔ አይመስለኝም። ለጀማሪው አሁንም ከባድ ነው፤ ለነባሩ አሁንም ይደብራል። የሚሻለው ሥራውንና ጊዜውን መከፋፈል ነው። ዋናውን መስመር በደካማው ሾፌር አቅም ልክ ምረጡት። ለነባሮቹ ደግሞ ከመስመሩ ወጣ ብለው የሚጫወቱበት ቦታና የምር የሆነ ሥራ ስጧቸው። የሚቀጥሉት ደረጃዎች በሙሉ ከዚህ የሚነሱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ማን እንደሚመጣ አስቀድማችሁ እወቁ

«ልምድ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። ሁሉም ሰው «ትንሽ ትንሽ» ነው የሚለው። ይልቅ የሠራውን ጠይቁት። የጎማ ንፋስ ቀንሰህ ነድተህ ታውቃለህ? ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በዝግታና በኃይል የሚያዞረውን ማርሽ) የምታስገባው መቼ ነው? መኪናህ ጭቃ ወይም አሸዋ ውስጥ ተይዞብህ በገመድ ወጥተህ ታውቃለህ? ሌላ መኪናስ ጎትተሃል? መልሱን ሰምታችሁ ደረጃውን ራሳችሁ ትመድቡታላችሁ።

ቀጥሎ መኪናውን ጠይቁ። ፎር ሎው አለው ወይስ በአራቱም ጎማ የሚነዳ የከተማ መኪና ነው? ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል? የጎማው ጥርስ እንዴት ነው? ከፊትም ከኋላም ከሻንሲው ጋር የታሰረ ጠንካራ መጎተቻ አለው? ስኮርታው ከሌሎቹ ጎማዎች ጋር እኩል ነው? ክሪኩስ ይሠራል? መጎተቻ የሌለው መኪና ቢያዝ በምን ታወጡታላችሁ? ይህ ያልተሟላለት ሰው ያሟላ፤ ካልቻለ በነባር መኪና ተሳፋሪ ሆኖ ይምጣ። በነገራችን ላይ ተሳፋሪ ሆኖ መጀመር የሚያሳፍር ነገር የለውም። ብዙ ያስተምራል።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ምደባውን ያሳስቱባችኋል። አንደኛው ለዓመታት ነድቶ አሁን አዲስ መኪና የገዛው ነባር ነው። በዚያ መኪና ላይ እሱም ጀማሪ ነው፤ ስፋቱንም ሆድ ዕቃውንም ገና አላወቀውም። ሁለተኛው ትልልቅ ጎማ፣ ዊንች (በሞተር የሚጎትት ገመድ) እና የዲፈረንሻል ሎክ (ግራና ቀኝ ጎማ እኩል እንዲዞር የሚያደርግ) ያለው መኪና ይዞ የሚመጣ ጀማሪ ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። መኪናው ከችሎታው በላይ ራቅ አድርጎ ይወስደውና ችግር ሲመጣ ከባድ ቦታ ላይ ያገኘዋል።

ቁጥሩን በተመለከተ ለአንድ ጀማሪ አንድ ነባር ቢኖር ጥሩ ነው። ለአንድ ነባር ከሁለት ጀማሪ በላይ አታድርጉ። መኪኖቹ ከስምንት ካለፉ ቡድኑን ለሁለት ክፈሉት። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ መሪና የራሱ ጭራ (ከሁሉም ኋላ የሚሄድ) ይኑረው። ረጅም ሰልፍ መጠበቅ ብቻ ነው ትርፉ።

ደረጃ 2፦ መስመሩን ምረጡ

ጥሩ የድብልቅ ጉዞ መስመር ቀላል ግንድና ከባድ ቅርንጫፎች አሉት። ግንዱን ማንኛውም ጀማሪ በጠቋሚ (ከመኪና ውጪ ቆሞ አቅጣጫ በሚያሳይ ሰው) እየታገዘ ሊጨርሰው ይገባል። ቅርንጫፎቹ ደግሞ ነባሮቹ የሚሞክሯቸው ዳገቶች፣ የድንጋይ ደረጃዎች ወይም የአሸዋ ኮረብታዎች ናቸው። ከግንዱ ብዙ ባይርቁና ከምሳ ማረፊያው ቢታዩ ይመረጣል። ምክንያቱን ቆየት ብለን እናየዋለን።

ግንዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ አስቸጋሪ ቦታ ዞሮ የሚያልፍ ማለፊያ ይኑረው። ማለፊያ ስል ሣርና ተክል እየረገጡ አዲስ መንገድ መክፈት ማለቴ አይደለም። ቀድሞ ያለ መንገድ ማለቴ ነው። ማለፊያ ከሌለው ያ ቦታ ግንድ ላይ መሆን የለበትም። በተጨማሪ ከመስመሩ አጋማሽ ወደ ዋና መንገድ የሚያወጣ መውጫ ፈልጉ። የደከመው፣ የታመመው ወይም መኪናው የተበላሸበት ሰው ከአንድ ነባር ጋር በዚያ ይወጣል፤ የሌላው ሰው ቀን አይበላሽም።

መሪው መስመሩን ከጉዞው ጥቂት ቀን በፊት ሄዶ ቢያየው በጣም ጥሩ ነው። ባለፈው ዓመት ቀላል የነበረ ቁልቁለት በአንድ ክረምት ጎርፍ ተቦርቡሮ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱን ስታሰሉ ነባሮች ብቻቸውን የሚወስድባቸውን ጊዜ ቢያንስ በእጥፍ አባዙት። አንድ መኪና ተይዞ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የመመለሻ ሰዓትም ወስኑ። የትም ብትደርሱ ያ ሰዓት ሲሞላ ወደ መውጫው ትዞራላችሁ። ጀማሪ በጨለማ ቁልቁለት ሲወርድ ማየት አትፈልጉም።

ደረጃ 3፦ ግብዣው ላይ እውነቱን ጻፉ

«ለሁሉም የሚሆን ዘና የሚያደርግ ጉዞ» ብላችሁ አትጻፉ። ምን ዓይነት መሬት እንዳለ፣ መኪናው ምን ማሟላት እንዳለበት፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በግልጽ ተናገሩ። ቅርንጫፍ መንገድ ዳሩ ቁጥቋጦ ከሆነ «ቀለም ሊጫር ይችላል» በሉ። ነዳጅ ሞልቶ መምጣት ግዴታ ይሁን፤ በፎር ሎው የሚነዳ መኪና አስፋልት ላይ ከሚበላው በላይ ይበላል። ለነባሮቹም ንገሯቸው። «ይህ ጉዞ ድብልቅ ነው፣ ዋናው መስመር ቀላል ነው፣ ሥራ ይኖርባችኋል፣ ከምሳ በኋላ የራሳችሁ ሰዓት አላችሁ።» ይህን አንብቦ የመጣ ነባር መንገድ ላይ አያጉረመርምም። የማይፈልገውም ቀድሞ ይቀራል፤ ያም ጥቅም ነው።

ደረጃ 4፦ ለነባሮቹ ሥራ አከፋፍሉ

ሥራ የሌለው ነባር ወይ ይሰለቻል ወይ ቀድሞ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነባር ጠዋት ላይ ሥራው ይነገረው።

መሪ ስትመርጡ ኃይለኛው መኪና ያለውን አትምረጡ። ትልቅ ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው ድንጋዩ ድንጋይ አይመስለውም፤ ያለችግር ያልፍና ከኋላው ያለው ጀማሪ ግን የመኪናውን ሆድ ድንጋዩ ላይ ያሳርፈዋል። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ወይም ብዙ ያልተቀየረ መኪና የሚነዳ ልምድ ያለው ሰው ይሻላል። እሱ ካለፈ ሌሎቹም እንደሚያልፉ ተስፋ ማድረግ ይቻላል።

ጭራ ላይ የሚሆነው ደግሞ የማይቸኩል ሰው ነው። ገመድ፣ ሻክል (ገመድ ማያያዣ ብረት)፣ አካፋ፣ ኮምፕረሰር (ጎማ መንፊያ)፣ የመፍቻ ዕቃዎችና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን እሱ ጋ ይሁን። ከፊቱ ያለው ሁሉ ሳያልፍ አያልፍም።

ከእነዚህ ውጪ አንድ ጠቋሚ፣ አንድ ደግሞ የተያዘ መኪና ሲወጣ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው መድቡ። የቀሩት ነባሮች እያንዳንዳቸው አንድ ጀማሪ ይያዙ። ጀማሪው የሞኝ ጥያቄ የሚመስለውን በሬዲዮ ሁሉ ሰው እየሰማ ከሚጠይቅ፣ ለአንድ ሰው በጆሮው ቢጠይቅ ይቀለዋል። ጎበዝ ሾፌር ሁሉ ጎበዝ አስተማሪ እንዳልሆነ ግን አትርሱ። «ዝም ብለህ እርገጠው!» የሚል ሰው አለ። እሱን ሌላ ሥራ ስጡት እንጂ ጀማሪ አትስጡት።

ደረጃ 5፦ የጠዋቱ ስብሰባ

ሩብ ሰዓት ይበቃል። ሁሉም ከመኪናው ወርዶ በክብ ይቁም። ሬዲዮ ተሞክሮ ሁሉም በአንድ ቻናል ላይ መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚያ የሰልፉን ሕግ ንገሯቸው፦ እያንዳንዱ ሾፌር ኃላፊነቱ ከኋላው ያለው መኪና ነው። በስፔኪዮ ካላየኸው ቀስ በል። አሁንም ካላየኸው ቁም። መታጠፊያ ላይ ከኋላህ ያለው አንተን አይቶ እስኪታጠፍ አትንቀሳቀስ። ይህች አንዲት ሕግ ብቻ ከተከበረች ማንም አይጠፋም፤ ሰልፉም በራሱ በደካማው ፍጥነት ይሄዳል።

ሁለተኛው ሕግ «አልፈልግም» ማለት ይቻላል የሚለው ነው። ማንኛውም ሾፌር የትኛውንም ቦታ ሳያብራራ መተው ይችላል። ይህን ከመሪው አፍ ሲሰሙት ነው የሚያምኑት። መሪው ራሱ በቀኑ ውስጥ አንድ ቦታ ማለፊያውን ቢይዝ ደግሞ ከንግግሩ ይበልጣል።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው ትምህርት፣ ማለትም ወደ ጎማ ንፋስ፣ አብራችሁ ግቡ። ነባሩ የራሱን አስር ደቂቃ ቀድሞ ጨርሶ ከመቆም፣ ከያዘው ጀማሪ ጋር ተንበርክኮ ያሳየው። አስፋልት ላይ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መኪኖች ከ32 እስከ 36 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ይነዳሉ። ለኮረትና ድንጋይ መንገድ ከ20 እስከ 25 አካባቢ፣ ለልል አሸዋ ደግሞ ከ15 እስከ 18 አካባቢ መነሻ ይሆናል። የመኪናው ክብደትና የጎማው ዓይነት ቁጥሩን ይለውጠዋል። ንፋሱ የቀነሰ ጎማ መሬቱን በሰፊው ይይዛል፤ ድንጋይም ላይ ይታጠፍለታል። ነገር ግን በጣም ከወረደ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ንፋስ የቀነሰ መኪና በፍጥነት አይነዳም፤ በኃይልም አይጠመዘዝም። ጎማው ይግላል፣ ይጎዳል።

ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ትንንሽ ነገሮች። መኪና ውስጥ ልቅ ሆኖ የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ ይታሰር። ሾፌሮች አውራ ጣታቸውን የመኪናው መሪ ውስጥ አያስገቡ፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ዞሮ ጣት ይሰብራል።

ደረጃ 6፦ ሰልፉን አሰልፉ

መሪ፣ ከዚያ በጣም ጀማሪው፣ ከዚያ ነባር፣ ጀማሪ፣ ነባር፣ ጀማሪ፣ መጨረሻ ላይ ጭራ። ብዙዎች ደካማውን ወደ ኋላ ይሰዱታል፤ «እንዳያዘገየን» በሚል። ይህ በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ኋላ ያለው ጀማሪ የመሪውን መስመር አያይም፣ አቧራ ይበላል፣ ሌሎቹ ያረሱትን ጭቃ ያገኛል፣ ለመድረስ ሲል ከአቅሙ በላይ ይነዳል። ሁለተኛ ቦታ ላይ ካለ ግን የመሪውን ጎማ እግር በእግር ይከተላል፤ መሪውም በስፔኪዮ እያየ ፍጥነቱን ያስተካክልለታል።

ዳገትና ቁልቁለት ላይ አንድ መኪና ብቻ ይሁን። የፊተኛው ጨርሶ አስተማማኝ ቦታ ላይ ሳይደርስ የኋላው አይነሳም። ነባሮች ይህን ሕግ ቶሎ ይሰለቹታል። እነሱ ላይ በርቱባቸው፤ ጀማሪው እነሱን ነው የሚያየው።

ደረጃ 7፦ አስቸጋሪ ቦታ ላይ እንዴት እንደሚሠራ

የጉዞው ልብ እዚህ ጋ ነው። ጊዜ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ወርዶ በእግሩ ይሂድ። ጀማሪዎቹ «አንተ ብትሆን የግራውን ጎማ የት ታስቀምጠዋለህ?» ተብለው ይጠየቁ። መልሱ ቢሳሳትም ችግር የለም፤ ዓይናቸው መሬት ማንበብ ይጀምራል። ከዚያ ያልተቀየረ መኪና ያለው ነባር በዝግታ፣ እየተናገረ ይለፍ። በጉራ ያለፈ ሰው ምንም አላስተማረም።

ጀማሪው ሲገባ ጠቋሚው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አራት ሰው እየጮኸ አራት አቅጣጫ ሲጠቁም ሾፌሩ የሚያደርገው ይጠፋዋል። ጠቋሚው ከሾፌሩ ጋር ዓይን ለዓይን የሚተያይበት ቦታ ይቆማል። በመኪናውና በድንጋይ ወይም በዛፍ መሃል ግን በፍጹም አይቆምም። ከመኪናው በታች በቁልቁለቱ በኩልም አይቆምም። ጀርባውንም አይሰጥም። ሾፌሩ ጠቋሚውን ካላየው ይቁም። የተጨበጠ ቡጢ ማለት አሁኑኑ ቁም ማለት ነው፤ ይህን ምልክት ማንም ሰው ሊሰጥ ይችላል። ፊት ለፊት ሲቆሙ ግራና ቀኝ ስለሚገለበጥ «ወደ ሾፌር በኩል»፣ «ወደ ተሳፋሪ በኩል» ማለት ይሻላል።

ለጀማሪ ከሁሉ በፊት መነገር ያለበት ዳገት ላይ ሲያቅተው የሚያደርገው ነው። መኪናው ከቆመ ፍሬን ይያዝ። ለመዞር አይሞክር፤ ዳገት ላይ ጎኑን የሰጠ መኪና ሊገለበጥ ይችላል። የኋላ ማርሽ በፎር ሎው አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ፣ ሞተሩ እየያዘው በመጣበት መስመር ቀጥ ብሎ ይውረድ። ይህን ትንሽ ዳገት ላይ አስቀድማችሁ አለማምዱት። አንዴ ተሳክቶለት በሰላም የወረደ ጀማሪ በቀኑ ቀሪ ክፍል ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ፍርሃቱ «ካቃተኝስ?» የሚለው ነበርና።

አሸዋ ላይ ትምህርቱ ሌላ ነው። ጎማው መሽከርከር ከጀመረ ነዳጁን ይልቀቅ። መርገጥ መቅበር ነው። ሲቆምም ፊቱን ወደ ቁልቁል አድርጎ ቢቆም ሲነሳ ይቀለዋል። ውሃ ደግሞ በእግር ተሞክሮ ነው የሚታወቀው። በእግር ለመሻገር የሚያስፈራ ጎርፍ በመኪናም አይሞከርም። ከወጣ በኋላ ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ አድርጎ ያድርቀው።

ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ካልተሳካ በሦስተኛው አንድ ነገር ይቀየር፤ መስመሩ፣ ንፋሱ ወይም ማርሹ። ያም ካልሆነ ማለፊያው አለ። እዚህ ጋ የነባሮችን አንድ ክፉ ልማድ ላንሳ። «ውረድ፣ እኔ ላሳልፍልህ» ይላሉ። ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ጀማሪው ምንም አይማርም። መኪናው ቢሰበርስ የማን ጥፋት ሊሆን ነው? ባለቤቱ ራሱ ካልለመነ በቀር የሰው መኪና መሪ አትያዙ።

ደረጃ 8፦ የተያዘ መኪና ማውጣት

ጀማሪና ነባር እኩል ሥራ የሚሠሩት እዚህ ነው። ጀማሪው አካፋ ይያዝ፣ ገመድ ይዘርጋ፣ ሻክል ይሰር፤ ነባሩ ይፈትሽ። ቅደም ተከተሉ ከቀላሉ ይጀምራል፦ መቆፈር፣ የጎማ ንፋስ ይበልጥ መቀነስ፣ ጎማ ሥር መንሸራተት የሚከላከል ሰሌዳ ማስገባት። ገመድ ከዚያ በኋላ ነው። ነባሮች ገመድ ማውጣት ይወዳሉ፤ አካፋ ግን ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር።

ገመዱ ሲወጣ ቀልድ ይቁም። ተሳቢ የሚታሰርበት ብረት ኳስ ላይ ገመድ በፍጹም አይታሰርም። ኳሱ ተሰብሮ እንደ ጥይት ይወነጨፋል፤ በዚህ ሰዎች ሞተዋል። የማይለጠጥ ገመድ ይዞ በሩጫ መጎተትም መኪናም ሰውም ይጎዳል። ለሩጫው የሚለጠጥ ገመድ አለ። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተሳፋሪ ይውረድ። የቀሩት ሰዎች ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ስልክ ይዞ የሚቀርጸውም ጭምር።

ደረጃ 9፦ የነባሮቹ ሰዓት

ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ለነባሮቹ ተዉላቸው። ቅርንጫፉ ከማረፊያው የሚታይ መሆን አለበት ያልኩት ለዚህ ነው። ጀማሪዎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ያርፋሉ፣ ይማራሉ። ነባሮቹም ተመልካች አግኝተው ይደሰታሉ (ይህን አይክዱም)።

ገደብ ግን ይኑረው። ሰዓቱ ሲያልቅ ያልቃል። ከሁለት መኪና ያነሰ አይሄድም። የሚሰበር ነገር ካለ የሚሰበረው የሁሉም ቀን ነውና «ዛሬ የመጨረሻ አቅማችሁን የምትሞክሩበት ቀን አይደለም» ብላችሁ ንገሯቸው። ለዚያ ሌላ ቀን፣ ነባሮች ብቻ የሚወጡበት ጉዞ ያስፈልጋል። ሁሉም ጉዞ ድብልቅ ይሁን የሚል ቡድን ነባሮቹን ቀስ በቀስ ያጣል።

ጀማሪ «እኔም ልሞክር» ቢልስ? ለብቻው ወስዳችሁ ጠይቁት። የራሱ ፍላጎት ከሆነና ጠቋሚው መኪናውን አይቶ ከተስማማ ይሞክር። ከጀርባው «ግባ! ግባ!» የሚል ጭብጨባ ካለ ግን አይሆንም።

ደረጃ 10፦ መንፈሱን ጠብቁ

ከሰዓት በኋላ ሰው ይደክማል። ሬዲዮ ላይ ሲያወራ የነበረ ጀማሪ ዝም ካለ፣ ሞተር ደጋግሞ ካጠፋ፣ መሪውን አንቆ ከያዘ፣ አቁሙና ውሃ ጠጡ። «ደክሞሃል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «አይ» ነው የሚለው። «እኔ እግሬን ላፍታታ» በሉ።

ጀማሪ ላይ ሙድ መያዝ በዚህ ጉዞ አይፈቀድም። የነባሮች ቀልድ እርስ በርሳቸው ፍቅር ነው፤ አዲስ ሰው ላይ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው ካበዛው ሬዲዮ ላይ አትገሥጹት፤ ሲቆም በጎን ንገሩት። የሚቸኩለውንም እንዲሁ። ሥራ ጨምሩለት። ከዚያም ካልተመለሰ በድብልቅ ጉዞ ላይ ባትጋብዙት ይሻላል፤ በነባሮች ቀን ይምጣ።

ደረጃ 11፦ ከመበተናችሁ በፊት

ጎማ ሳይነፋ ማንም አስፋልት አይወጣም። ኮምፕረሰር ያለው ለሌለው ይንፋ። ከመኪና ሥር ጎንበስ ብላችሁ የሚንጠባጠብ ዘይት፣ የላላ ቡሎን፣ ጎማ ጎን ላይ የተቆረጠ ነገር ፈልጉ። ጀማሪው የራሱን መኪና ሥር ሲያይ ነባሩ አጠገቡ ይሁን። ፍሬንም ይሞከር፤ ጭቃ የገባበት ፍሬን ያታልላል።

ኮምፕረሰሩ እየሠራ እያለ እያንዳንዱ ነባር ለያዘው ጀማሪ ጥሩ የሠራውን አንድ ነገርና በሚቀጥለው የሚለማመደውን አንድ ነገር ይንገረው። አሥር ነገር አትንገሩት። ጀማሪዎቹንም የትኛው ቦታ እንደከበዳቸውና የትኛው ማብራሪያ እንዳልገባቸው ጠይቁ። መሪው ይህን ይጻፈው፤ የሚቀጥለው መስመር የሚመረጠው ከዚህ ነው። ጥሩ ከሄደላቸው መሃል አንዱን ለሚቀጥለው ጉዞ የጭራው ረዳት እንዲሆን ጠይቁት። ሁሉም ሰው ቤቱ መግባቱን በመልእክት እስኪያሳውቅ መሪው ስልኩን አያጥፋ።